ከጣሪያው በፊት ጄኔሬተሩ ይታይ

ይድረስ ለተከበረው የጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በጋዜጣችሁ የአካባቢ ጥበቃ ዓምድ ላይ ኤርፖርቶች የኃይል ፍጆታቸውንና የካርቦን ልቀታቸውን ስለሚቀንሱበት መንገድ የወጣውን ጽሑፍ በጥሞና አንብቤዋለሁ። ጸሐፊው ብዙ ሰው የማያነሳውን ጉዳይ ለአንባቢ በማቅረባቸው ሊመሰገኑ ይገባል። ይሁን እንጂ መፍትሔውን በሙሉ በተርሚናል ጣሪያ ላይ በሚዘረጋ የፀሐይ ሰሌዳ ላይ ማንጠልጠላቸው፣ ለሀገራችን በጠቅላላው፣ እኔ ለምኖርባት ለድሬዳዋ ደግሞ በተለይ፣ ነገሩን ከጫፉ እንጂ ከሥሩ የያዘው አይመስለኝም። በዚህች ከተማ በአየር ማቀዝቀዣና በኤሌክትሪክ ጥገና ሙያ የቆየሁ ሰው እንደመሆኔ ሆቴሎችን፣ ፋብሪካዎችን፣ ክሊኒኮችንና መጋዘኖችን በሞተር ክፍላቸው በኩል የማየት ዕድል አግኝቻለሁ፤ ኤርፖርትም ቢሆን ከነዚህ ሁሉ ጥቂት ጥቂት የያዘ ተቋም ነው። ለማለት የምፈልገው አጭር ነው፤ የኢትዮጵያ ኤርፖርቶች ካርቦን በአብዛኛው የተደበቀው በናፍጣ ማጠራቀሚያው፣ በማቀዝቀዣው ጋዝና ቆሞ በሚጠብቀው አውሮፕላን ጭራ ውስጥ ስለሆነ፣ ገንዘባችንም ጥረታችንም መጀመሪያ ወደዚያ ሊሄድ ይገባል።

በቅድሚያ የጉዳዩን ስፋት ማስቀመጥ ይጠቅማል። የአየር ትራንስፖርት በዓለም ላይ ከሚለቀቀው የካርቦን ዳይኦክሳይድ መጠን 2.5 በመቶ ገደማ ድርሻ አለው። ከዚህም ውስጥ አብዛኛው የሚወጣው አውሮፕላኑ በሰማይ ላይ እያለ ሲሆን፣ ኤርፖርቶች ራሳቸው በቀጥታ የሚለቁት ከዘርፉ ጥቂት በመቶውን ብቻ ነው። ትንሽ ነው ተብሎ ግን የሚተው አይደለም። የሰማዩን ልቀት ለመቀነስ አዲስ ዓይነት ሞተርና አዲስ ዓይነት ነዳጅ በበቂ መጠን እስኪመረት መጠበቅ ግድ ሲሆን፣ የምድሩን ልቀት ለመቀነስ የሚያስፈልገው ዕቃ ዛሬ በገበያ ላይ አለ። ዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ባካሄደው ጠቅላላ ጉባኤ ዘርፉ እስከ 2050 የተጣራ ልቀቱን ዜሮ ለማድረስ እንዲሠራ የጋራ ግብ አስቀምጧል። የኤርፖርቶች ዓለም አቀፍ ምክር ቤትም ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ተመሳሳይ ግብ ለአባላቱ አውጥቷል። ምክር ቤቱ በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ2009 የጀመረውና በኋላም ወደ አፍሪካ ያስፋፋው የካርቦን ዕውቅና አሠራር ኤርፖርቶችን በደረጃ የሚመዝን ሲሆን፣ የመጀመሪያው ደረጃ የሚጠይቀው ቅነሳን እንኳ አይደለም፤ ልቀትን በትክክል ለክቶና አስመርምሮ ማስመዝገብን ብቻ ነው።

አሁን ወደ ፀሐይ ሰሌዳው ልምጣ። በዚህ ጉዳይ ሁልጊዜ ስሟ የሚነሳው የሕንዷ የኮቺን ኤርፖርት ናት። እ.ኤ.አ. በነሐሴ ወር 2015 የ12 ሜጋዋት የፀሐይ ኃይል ማመንጫ አስመርቃ፣ ፍጆታዋን በሙሉ ከፀሐይ በማግኘት በዓለም የመጀመሪያዋ ሆነች። ሥራው የሚደነቅ መሆኑ አያከራክርም። ነገር ግን ሕንድ ከምታመነጨው ኤሌክትሪክ ከሁለት ሦስተኛው በላይ የሚገኘው ከድንጋይ ከሰል በመሆኑ፣ በኮቺን ጣሪያና ሜዳ ላይ የተዘረጋው እያንዳንዱ ሰሌዳ የሚተካው የከሰል ጭስ ነው። የእኛ ሀገር ኤሌክትሪክ ግን ከ90 በመቶ በላይ የሚመነጨው ከውሃ ነው፤ ከቀሪውም አብዛኛው ከነፋስ ነው። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ብቻውን 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። ከድሬዳዋ ወደ ጅቡቲ በሚወስደው መስመር ላይ በአይሻ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ተርባይኖችም በባቡሩ የተጓዘ ሁሉ አይቷቸዋል። እንግዲህ ከዋናው መስመር ኃይል የሚወስድ ኤርፖርት ጣሪያውን በሰሌዳ ቢሞላው፣ የሚተካው በመሠረቱ ንጹሕ የሆነን ኃይል በሌላ ንጹሕ ኃይል ነው። የመብራት ሒሳቡ ይቀንስ ይሆናል፤ የካርቦን መዝገቡ ላይ የሚታየው ለውጥ ግን ከኮቺን ጋር የሚወዳደር አይደለም።

የናፍጣው ጉዳይ የሚመጣው መብራት ሲጠፋ ነው። ከ2004 ዓ.ም. መባቻ ጀምሮ ኢትዮጵያ ለጅቡቲ ኤሌክትሪክ የምትሸጠው ከድሬዳዋ በሚነሳው የከፍተኛ ኃይል መስመር ነው። ኃይሉ በራሳችን ላይ አልፎ ወደብ እየደረሰ፣ ከሥሩ ባለችው ከተማ ውስጥ ግን የማከፋፈያ መስመሩ በነፋስም፣ በዝናብም፣ በትራንስፎርመር መጨናነቅም እየተቋረጠ ጄኔሬተር ሲያጓራ መዋሉ ለነዋሪው አዲስ ነገር አይደለም። አንድ ሊትር ናፍጣ ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ገደማ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል፤ በጥሩ ሁኔታ የሚሠራ ጄኔሬተር ደግሞ ከአንድ ሊትር የሚያወጣው ከ3 እስከ 3.5 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ መብራት በጠፋ ሰዓት የምንጠቀምበት እያንዳንዱ ኪሎዋት ሰዓት 800 ግራም አካባቢ ካርቦን ይዞ ይመጣል ማለት ነው፤ ከከሰል ኤሌክትሪክ እምብዛም አይሻልም። 150 ኪሎዋት የሚጠቀም መካከለኛ ተርሚናል ለአንድ ሰዓት በጄኔሬተር ቢሠራ ከ100 ኪሎ ግራም በላይ ይለቃል። መብራቱ ካልጠፋ በዚያው ሰዓት የሚለቀው ከዚህ ጋር ሲነጻጸር ከቁጥር የሚገባ አይደለም።

ይህም ጄኔሬተሩ በልኩ ከተመረጠ ነው። በሥራዬ ደጋግሜ ያየሁት ችግር ግን ተቋማት ጄኔሬተር ሲገዙ «ለወደፊቱም ይሁነን» ብለው ከሚያስፈልጋቸው ሁለትና ሦስት እጥፍ የሚበልጥ አቅም ያለውን መምረጣቸው ነው። ከአቅሙ ሲሶ በታች እየተጫነ የሚውል ጄኔሬተር ናፍጣውን አሟጦ አያቃጥልም፤ ጭሱ ይጠቁራል፣ ጭስ ማውጫው በጥላሸትና ባልተቃጠለ ነዳጅ ይለሰናል፣ ዕድሜውም ያጥራል። ሌሊት ላይ የጥበቃ መብራቶችንና ጥቂት ማቀዝቀዣዎችን ብቻ ለማብራት ግዙፍ ሞተር ሲያጓራ ማደሩ፣ በውጭ ምንዛሪ ተገዝቶ፣ በቦቴ ተጭኖ ከጅቡቲ ለመጣ ነዳጅ የሚመጥን አጠቃቀም አይደለም። ብር ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ መመንዘር ከጀመረ ጀምሮ ደግሞ ጉዳዩ ከአየር ንብረት አልፎ የካዝና ጉዳይ ሆኗል።

የፀሐይ ሰሌዳ ትክክለኛ ቦታውን የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። እኔ ሰሌዳውን የምቃወም ሰው አይደለሁም፤ ድሬዳዋ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ በቀን ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ የፀሐይ ኃይል የሚወርድባት ከተማ ስትሆን፣ ይህን ፀጋ አለመጠቀም ነውር ነው። ነገር ግን ጨረታ የሚያወጡ ኃላፊዎች ሊያውቁት የሚገባ አንድ ቁም ነገር አለ። ያለ ባትሪ በቀጥታ ከዋናው መስመር ጋር የሚገናኝ ተራ የፀሐይ ሥርዓት መብራት ሲጠፋ አብሮ ይጠፋል። የሰሌዳውን ኃይል መሣሪያዎቻችን ወደሚጠቀሙበት ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ኢንቨርተር፣ በመስመሩ ላይ የሚሠሩ ሠራተኞች በኤሌክትሪክ እንዳይያዙ ሲባል ራሱን እንዲያጠፋ ተደርጎ የተሠራ ነውና። በጠራራ ፀሐይ ጣሪያው በሰሌዳ ተሸፍኖ ሳለ ከኋላ ጄኔሬተር የሚጮህበትን ሕንፃ አይቻለሁ፤ ባለቤቱ ተታልዬ ነው ቢልም፣ ሻጩ ያቀረበለት ልክ ውሉ ላይ የተጻፈውን ነበር። ስለዚህ ኤርፖርት ሰሌዳ ሲገዛ መስመር በሚቋረጥበት ጊዜ ብቻውን ቆሞ ጭነቱን መሸከም የሚችል ኢንቨርተርና ለጥቂት ሰዓታት የሚበቃ ባትሪ አብሮ ካልገዛ፣ የካርቦኑን ዋና ምንጭ ሳይነካው ቀረ ማለት ነው። ለማኮብኮቢያ መብራትና ለመገናኛ መሣሪያዎች መጠባበቂያ ኃይል በሰከንዶች ውስጥ መግባት ስላለበት ጄኔሬተሩ ከቦታው አይነሳም፤ የሚፈለገው በቦታው ሆኖ ጸጥ ብሎ እንዲውል ነው።

ሰሌዳው የሚቀመጥበት ቦታም ያው ጣሪያ መሆን የለበትም። ሰሌዳ ከ25 ዲግሪ በላይ በሞቀ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከአቅሙ ወደ 0.4 በመቶ የሚጠጋ ያጣል፤ በድሬዳዋ የግንቦት ቀትር ላይ በቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የተለጠፈ ሰሌዳ ከ60 ዲግሪ በላይ ስለሚደርስ ከምርቱ ከ10 በመቶ በላይ በሙቀት ብቻ ይቀነሳል። በመኪና ማቆሚያው ላይ ከፍ ብሎ እንደ ዳስ ቢዘረጋ ግን ከሥሩ አየር ስለሚያልፍ ይቀዘቅዛል፤ ለመኪናውም ጥላ ይሆናል፤ ከዚህ ከተማ አቧራ የተነሳ በየጊዜው መታጠብ ስላለበትም ለማጽዳት ይቀላል። የብርሃን ነጸብራቁ የአብራሪዎችንና የመቆጣጠሪያ ማማውን ዓይን እንዳይወጋ አስቀድሞ መጠናት እንዳለበት ግን መዘንጋት አይገባም።

የማቀዝቀዣውን ነገር በሰፊው እንድጽፍ ይፈቀድልኝ፤ የዕለት እንጀራዬ ነውና። በባሕር ጠለል ከፍታዋ 1,200 ሜትር ገደማ በሆነው በድሬዳዋ፣ ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ባሉት ወራት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ የውጭ ሙቀቱ 35 ዲግሪ እና ከዚያም በላይ ይሆናል። በዚህ ጊዜ አንድ ትልቅ አዳራሽ ያለው ሕንፃ ከሚወስደው ኤሌክትሪክ ትልቁን ድርሻ የሚበላው ኤሲው ነው። ለጥገና ተጠርቼ ስሄድ መጀመሪያ የማየው ሙቀቱን ወደ ውጪ የሚያስወጣውን የኮንደንሰሩን ጀርባ ነው። ቀጫጭኖቹ የአሉሚኒየም ክንፎች በአቧራ፣ በላባና በፌስታል ቁርጥራጭ ተደፍነው፣ ፋኑ ያንኑ ያወጣውን ትኩስ አየር መልሶ እየሳበ፣ ጋዙን የሚገፋው ኮምፕረሰር ሳያርፍ ሲያቃስት አገኘዋለሁ። አንዳንዴ መሣሪያው በምዕራብ ግድግዳ ላይ ያለ አንዳች ጥላ ተሰቅሎ ከሰዓት በኋላ ያለውን ፀሐይ በሙሉ ይቀበላል። በጥሩ ብሩሽና በአነስተኛ ግፊት ውሃ አጥቦ፣ የውስጡን ፊልተር አጽድቶ፣ ከላዩ ዳስ መሥራት የሚፈጀው የአንድ ቀን ሥራ ሲሆን፣ በፍጆታው ላይ የሚያመጣው ለውጥ በወሩ የመብራት ሒሳብ ላይ በግልጽ ይታያል። በአዳራሹ ውስጥ 18 ዲግሪ ላይ የተሞላ ኤሲ እየሠራ በሩ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ተበርግዶ መዋሉ ግን ከጥገና ባለሙያ አቅም በላይ ነው። 25 ዲግሪ ላይ አስቀምጦ ከጣሪያው ፋን ቢያዞሩለት ከውጪው ቃጠሎ የገባ መንገደኛ ልዩነቱን አያውቀውም።

ከኤሌክትሪኩም የሚከፋው ጋዙ ነው፤ ይህን ደግሞ በየትኛውም የጋዜጣ ጽሑፍ ላይ ሲነሳ አላየሁም። ዛሬ በብዛት የምንጠቀምበት አር-410ኤ የተባለው የማቀዝቀዣ ጋዝ አንዱ ኪሎ ግራም ወደ አየር ቢለቀቅ፣ በመቶ ዓመት ስሌት 2,088 ኪሎ ግራም ካርቦን ዳይኦክሳይድ የሚያህል ሙቀት የማመቅ ኃይል አለው። አሮጌው አር-22 ደግሞ 1,810 ሲሆን፣ በዚያ ላይ የኦዞንን ሽፋን ያሳሳል። ባለሙያ ያልሆነ አንባቢ እንዲገባው ወደ ናፍጣ ልመልሰው፤ ከአንድ ተራ ኤሲ ሾልኮ የሚወጣ አንድ ኪሎ አር-410ኤ በግምት 780 ሊትር ናፍጣ ከማቃጠል ጋር እኩል ነው። ትልልቅ አዳራሾችን የሚያቀዘቅዙ ማዕከላዊ መሣሪያዎች በአስር ኪሎዎች የሚቆጠር ጋዝ ይይዛሉ። በሙያችን ዘንድ የተለመደው አሠራር ምን እንደሚመስል ግልጹን ልናገር። ኤሲ አልቀዘቅዝ ሲል ቴክኒሻን ይጠራል፤ ቀዳዳው ያለበትን ቦታ ሳይፈልግ «ጋዝ ጎድሎበታል» ብሎ ይሞላና ይሄዳል፤ ከሁለትና ሦስት ወር በኋላ ያው ጋዝ ሾልኮ ያልቅና ያው ሰው ይጠራል። ኮምፕረሰር ሲቀየር ደግሞ በቧንቧው ውስጥ የቀረው ጋዝ ቫልቩ ተከፍቶ ወደ ሰማይ ይለቀቃል፤ ምክንያቱም ጋዙን መልሶ ወደ ሲሊንደር የሚሰበስበው ማሽን ውድ ነው፤ አሠሪውም ለዚያ የሚከፍል አይደለም። በአንድ ትልቅ ተቋም ግቢ ውስጥ ይህንኑ ሳስረዳ «ጋዝ እኮ አይታይም» የሚል መልስ ተሰጥቶኛል። አይታይም፤ እውነት ነው። ነገር ግን ለአንድ ዓመት የተቆጠበ የመብራት ፍጆታ ሁሉ በአንድ ቀን ጥገና አየር ላይ ሲበተን፣ ያ ተቋም ስለ አረንጓዴነቱ የሚለጥፈውን ማስታወቂያ አይቼ ዝም ማለት ይከብደኛል።

ስለዚህ ማንኛውም ኤርፖርት፣ የእኛው የአባ ጠና ደጃዝማች ይልማ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያም ጭምር፣ ለእያንዳንዱ ማቀዝቀዣ መሣሪያ ስንት ኪሎ ጋዝ እንደያዘ፣ መቼ ስንት እንደተጨመረበትና ለምን እንደተጨመረበት የሚመዘገብበት ደብተር ሊኖረው ይገባል። በጥገና ውል ላይም ጋዝ ወደ አየር መልቀቅ የተከለከለ መሆኑን፣ ሳይጠገን መሙላትም ክፍያ የማያስገኝ መሆኑን መጻፍ ይቻላል። አዲስ መሣሪያ ሲገዛ እንደ አር-32 ያሉ፣ የማመቅ ኃይላቸው ከአር-410ኤ ሲሶውን የሚያህል ጋዞች የሚጠቀሙትን መምረጥ ይቻላል። እነዚህን የማቀዝቀዣ ጋዞች በደረጃ ለመቀነስ እ.ኤ.አ. በ2016 በኪጋሊ የተደረሰበት ስምምነት ዓለምን ወደዚያው አቅጣጫ እየወሰደ ስለሆነ፣ ዛሬ የሚገዛ አሮጌ ቴክኖሎጂ ነገ መለዋወጫና ጋዝ የማይገኝለት ዕዳ ይሆናል።

ማቀዝቀዝን ለማሽን ብቻ መተውም አይገባም። ከዚራን የሚያውቅ ሰው የምለውን ይረዳል። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ድሬዳዋ ሲደርስ የተቆረቆረው የዚያ ሰፈር አሮጌ ሕንፃዎች ግድግዳቸው ወፍራም፣ ጣሪያቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸው በፀሐይ በኩል የዞረ፣ መስኮቶቻቸው ፊት ለፊት ተያይተው ነፋስ የሚያሻግሩ ናቸው፤ በመንገዱ ግራና ቀኝ ያሉት ዛፎች ደግሞ አስፋልቱን ጭምር ይሸፍኑታል። አሁን በየከተማው የሚሠሩ የመንገደኛ ሕንፃዎች በተቃራኒው በመስታወት ተለብጠው ይታያሉ። የመስታወት ግድግዳን ወደ ምዕራብ አዙሮ በድሬዳዋ መሥራት፣ ለሕንፃው ዕድሜ ልክ የሚከፈል የመብራት ግብር መፈረም ነው። ያለውን ሕንፃ ማፍረስ ሳያስፈልግ በመስታወቱ ውጪ ጥላ የሚሰጥ ክንፍ መሥራት፣ በቆርቆሮው ላይ አየር የሚያልፍበት ሁለተኛ ጣሪያ መደረብ፣ ጣሪያውን ነጭ ቀለም መቀባት፣ በመግቢያው ላይ ሁለት በሮችን በተወሰነ ርቀት ማድረግ ይቻላል። ይህ ሁሉ በሀገር ውስጥ ዕቃና በሀገር ውስጥ እጅ የሚሠራ ነው።

ቀጥሎ የቆመው አውሮፕላን አለ። አውሮፕላን አርፎ መንገደኛ ሲያወርድና ሲጭን ዋና ሞተሮቹ ይጠፋሉ፤ ነገር ግን መብራቱ፣ ኮምፒውተሩና የውስጡ ማቀዝቀዣ እንዳይቋረጥ በጭራው ውስጥ ያለው ረዳት ሞተር እየሠራ ይቆያል። መንገደኞች ደረጃውን ስንወርድ የምንሰማው ጆሮ የሚበሳ ጩኸት የእርሱ ነው። በቦይንግ 737 መጠን ባለ አውሮፕላን ላይ ይህ ረዳት ሞተር በሰዓት 100 ኪሎ ግራም አካባቢ ነዳጅ ይፈጃል፤ አንድ ኪሎ የጄት ነዳጅ ሲቃጠል ደግሞ 3.16 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወጣል። በመሆኑም አንድ አውሮፕላን አንድ ሰዓት ቆሞ ሲጠብቅ ከ300 ኪሎ ግራም በላይ ይለቃል፤ ከላይ ካነሳሁት የተርሚናል ጄኔሬተር ሁለት እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። መፍትሔው የታወቀ ነው፤ ለአውሮፕላን የሚስማማውን የ400 ኸርዝ ኤሌክትሪክ ከምድር በገመድ ማቅረብ ነው። በቀዝቃዛ አገር ይህ ብቻውን ሊበቃ ይችላል። እዚህ ግን አይበቃም፤ ምክንያቱም በድሬዳዋ ቀትር ላይ አብራሪው ረዳት ሞተሩን የማያጠፋው መብራት አጥቶ ሳይሆን፣ ካጠፋው በደቂቃዎች ውስጥ መንገደኛው በላብ ስለሚዘፈቅ ነው። ስለዚህ ከገመዱ ጋር ቀዝቃዛ አየር በሰፊ ቱቦ ወደ አውሮፕላኑ ሆድ የሚነፋ መሣሪያ አብሮ መምጣት አለበት። ሁለቱን ነጣጥሎ መግዛት አንዱንም አለመግዛት ያህል ነው።

ይህ ሩቅ አገር ብቻ የሚደረግ ነገር አይደለም። በጎረቤታችን በኬንያ በሞምባሳ ኤርፖርት በዓለም አቀፉ የሲቪል አቪዬሽን ድርጅትና በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ እ.ኤ.አ. በ2018 የ500 ኪሎዋት የፀሐይ ማመንጫ ከነዚህ ሁለት መሣሪያዎች ጋር ተቀናጅቶ ሥራ ጀምሯል፤ ሞምባሳም እንደ ድሬዳዋ ሙቀት የሚበረታባት ከተማ ናት። እኛ ደግሞ ከነርሱ የምንቀድምበት ነገር አለን፤ ከግድብ የመጣ ኤሌክትሪክ በእጃችን ስላለ ገመዱ የሚሰካው በቀጥታ ንጹሕ ኃይል ላይ ነው። ማስጠንቀቂያው አንድ ብቻ ነው፤ ለአውሮፕላኑ ኃይል የሚሰጠው መሣሪያ በናፍጣ የሚሠራ ተጎታች ጄኔሬተር ከሆነ ቅነሳው በከፊል ይበላል። በማረፊያው ሜዳ ላይ ሻንጣ የሚጎትቱት ትራክተሮች፣ ደረጃ የሚገፉት ተሽከርካሪዎችና የመንገደኛ አውቶቡሶችም ወደ ኤሌክትሪክ ለመለወጥ ከሌላው መኪና ሁሉ የተመቹ ናቸው፤ የሚሄዱት አጭር መንገድ፣ ፍጥነታቸው ዝግ ያለ፣ ማታ ሁልጊዜ ወደ አንድ ቦታ የሚመለሱ ናቸውና። መንግሥት ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ ሀገር እንዳይገቡ ሲከለክል፣ በራሱ ኤርፖርቶች ሜዳ ላይ ያሉትን የመጀመሪያ ምሳሌ ማድረግ የሚከብደው አይመስለኝም።

ሌሎቹን ነጥቦች ባጭሩ አልፋቸዋለሁ። የማኮብኮቢያ መብራቶችን ወደ ኤልኢዲ መቀየር ተገቢ ነው፤ ከኃይሉም በላይ አምፖል ለመቀየር ሌሊት ሜዳ ላይ የሚወጣውን ሠራተኛ ይገላግላል። አውሮፕላን ምድር ላይ በአንድ ሞተር እንዲነዳ የሚሰጠው ምክር ረጅም ወረፋ ላለበት ለቦሌ ይሠራ ይሆናል፤ ከመቆሚያው እስከ ማኮብኮቢያው ያለው መንገድ አጭር ለሆነበት ለድሬዳዋ ግን ትርፉ እምብዛም ነው። ችግኝ መትከልን በተመለከተ፣ ድሬዳዋ ከዳር እስከ ዳር ጥላ ያስፈልጋታል፤ በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ ያደረሰውን ጥፋት ያየ የከተማችን ነዋሪ የተራሮቹን መራቆት ጉዳት ለማስረዳት ሌላ ሰው አይሻም። ይሁን እንጂ ፎቶ ተነስቶ በኤርፖርት አጥር ውስጥ ዛፍ መትከል ወፍ ይጠራል፤ ወፍ ደግሞ ለአውሮፕላን ሞተር አደጋ ነው። ዛፉ ከከተማው በላይ ባሉት ተዳፋቶችና በመኪና ማቆሚያው ዙሪያ ይተከል፤ ችግኙ ግን ለሚቃጠለው ናፍጣ ማካካሻ ተደርጎ በሪፖርት ውስጥ አይቆጠር። ዛፍ የሚያምቀው ካርቦን በዓመታት፣ ጄኔሬተር የሚለቀው በደቂቃዎች ነው።

ወደ ኤርፖርት የሚወስደው መንገድም የዚሁ ሒሳብ አካል ነው። ሐረር ኤርፖርት ስለሌላት፣ በዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን ጀጎልን ለማየት በአውሮፕላን የሚመጣ እንግዳ ሁሉ ድሬዳዋ ወርዶ በደንገጎ ዳገት በኩል ወደ 50 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ አብዛኛውም በየግሉ መኪና ተከራይቶ ነው። ከበረራ ሰዓት ጋር የተናበበ አንድ የኤሌክትሪክ አውቶቡስ በሁለቱ ከተሞች መካከል ቢመደብ ለእንግዳውም ለሐረር ሰውም ይበጃል። ከአዲስ አበባ እስከ ጅቡቲ በኤሌክትሪክ የሚሄደው የባቡር መስመርም፣ ጊዜ ያለው ሰው በአውሮፕላን ፈንታ ቢመርጠው ከሁሉም የሚያንስ ካርቦን የሚለቅ አማራጭ ነው፤ ጣቢያዎቹ ከከተማ መራቃቸውና የጉዞ ሰዓቱ አለመመቸቱ ግን መንገደኛውን ወደ ኤርፖርት ይመልሰዋል። ይህ ለሌላ ደብዳቤ የሚሆን ርእስ ስለሆነ እዚህ ላይ ልተወው።

አሁን ጥያቄዬን በግልጽ ላቅርብ። ኤርፖርቶቻችንን የሚያስተዳድረው አካል ለእያንዳንዱ ኤርፖርት በየዓመቱ አራት ቁጥሮችን ቢያሳውቅ ሌላውን ሁሉ ማስላት ይቻላል፤ ጄኔሬተሮች ስንት ሰዓት ሠርተው ስንት ሊትር ናፍጣ እንደፈጁ፣ ስንት ኪሎ የማቀዝቀዣ ጋዝ እንደተጨመረ፣ አውሮፕላኖች በመቆሚያቸው ላይ ረዳት ሞተራቸውን ለስንት ሰዓት እንዳሠሩ፣ ከዋናው መስመር ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንደተወሰደ። ሦስቱ በጥገናና በሥራ መዝገብ ላይ፣ አራተኛው በቆጣሪው ላይ የሚገኙ ናቸው፤ አዲስ መሥሪያ ቤት ማቋቋም አያስፈልግም። ለተርሚናሉ፣ ለማማው፣ ለማኮብኮቢያ መብራቱና ለካፍቴሪያዎቹ የተለያየ ቆጣሪ ከተገጠመ ደግሞ የትኛው ክፍል እንደሚያባክን በወሩ መጨረሻ ይታወቃል። እንዲህ ያለ መዝገብ ያለው ኤርፖርት የዓለም አቀፉን ዕውቅና የመጀመሪያ ደረጃ ለማግኘት የሚቀረው መንገድ አጭር ነው።

በቢሾፍቱ አቅራቢያ የሚገነባውን ግዙፍ ኤርፖርት የሚመለከቱ ሰዎችም ስለ ጥላው፣ ስለ ጋዙና ስለ ምድር ኃይል አቅርቦቱ ግንባታው ሳይገፋ ቢያስቡበት፣ በኋላ ግድግዳ እየበሱ ገመድ ከመቅበር ይድናሉ። እ.ኤ.አ. በ2027 የዓለም የአየር ንብረት ጉባኤ በአዲስ አበባ ሲካሄድ ከእንግዶቹ ጥቂት የማይባሉት ሐረርን ለማየት በድሬዳዋ በኩል ያልፋሉ፤ እስከዚያ ድረስ ቢያንስ የአንድ ዓመት መዝገብ ለመያዝ ጊዜ አለ።

በእኛ በባለሙያዎቹ በኩል ያለውን ክፍተት ለመሙላት ደግሞ በከተማችን ያሉት የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆችና ድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ የጋዝ መሰብሰቢያ ማሽን አስገብተው ለቴክኒሻኖች አጭር ሥልጠና ቢሰጡ፣ እኔን ጨምሮ በዚህ ሙያ የምንተዳደር ሰዎች ከሥራ ሰዓት ውጪ ለመማርም ለማስተማርም ፈቃደኞች ነን። ማሽኑን በጋራ ገዝተን በኪራይ እንድንጠቀምበት የሚያስችል ማኅበር ለማቋቋም ከወዲሁ በመካከላችን እየተነጋገርን ስለሆነ፣ የከተማ አስተዳደሩ የሚመለከተው ክፍል ስለ አመዘጋገቡ መመሪያ ቢሰጠን ደስ ይለናል።

ከአክብሮት ጋር፣
የአየር ማቀዝቀዣ ጥገና ባለሙያ
ከድሬዳዋ፣ ከዚራ